ወላጅ አልባ ቅጂዎች

ቅራጢን፣ ከርከና ደሴት
ኦክቶበር 9

ለነውል ባለቤቶች፣

ሰላም ለእናንተና ለቤተሰባችሁ ይሁን። ከቤታችሁ የታመመ እንደሌለ፣ ሥራችሁም እንደቀናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ሙንጂ እባላለሁ። ከስፋቅስ ወደ ደሴታችን በሚመላለሰው መርከብ ላይ ትኬት ስቆርጥ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። አሁን የመንደሩን ሠርግ በካሜራ እቀርጻለሁ። ላፕቶፔ አሮጌ ስለሆነ የኮምፒውተር ክበብ ልጆች ሊኑክስና ነውል የሚባለውን የእናንተን የቪዲዮ ማቀናበሪያ ጭነውልኛል።

የአቤቱታ ቅጻችሁ ጥያቄዎቹን ካልመለስክ አላሳልፍህም ብሎኛል። መልሱ በዚያች ጠባብ ሳጥን ውስጥ ስለማይገባ በደብዳቤ እመልሳለሁ።

«ምን ለማድረግ እየሞከሩ ነበር?» የወንድሜን የኽሚስን ፊልም ልጨርስ። ኽሚስ ሸርፊያ ተካይ ነበር፤ የዘንባባ ዝንጣፊ ባሕር ውስጥ በረድፍ እየተከለ፣ ዓሣውን እየመራ ወጥመድ ውስጥ የሚያስገባ። ሦስት የዓሣ ወቅት ከጀልባው ሳልወርድ ቀረጽኩት። ባለፈው ወር ሞተ። አርባው ኖቬምበር አንድ ቀን ነው። መንደሩ በባህል ቤቱ ይሰበሰባል፤ ፊልሙን ያን ቀን አሳያለሁ ብዬ ለሚስቱ ለመብሩካ ቃል ሰጥቻለሁ።

«ምን ይሆናል ብለው ጠብቀው ነበር?» ወንድሜን አያለሁ ብዬ።

«በምትኩ ምን ሆነ?» ቀይ ሳጥን። ኽሚስ ቆሞ የነበረበት ቦታ ሁሉ ቀይ ሳጥን ሆኗል። በላዩ «ፋይሉ አልተገኘም» የሚል ተጽፎበታል። ፕሮግራማችሁ ወንድሜን በልቶታል። አውጡልኝ።

ከአክብሮት ጋር
ሙንጂ

በኤፕሪልም ሁለት ጊዜ ጽፌላችሁ ነበር። ፕሮግራማችሁ ምኑን እንደሚያከማች ሳይታወቅ ዲስኬን ሞላው፣ ቆሻሻውን አያጸዳም ብዬ። ማንም አልመለሰልኝም። የተማረ ሰው እንዲህ ያደርጋል?


ቢዘርት
ኦክቶበር 10

ለተከበሩ ሲ ሙንጂ፣

በወንድምዎ ሞት አዝኛለሁ። አላህ ይማራቸው፣ ለእርስዎም ብርታቱን ይስጥዎ። ይህን ከልቤ ነው የምለው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሊያናድድዎ ስለሚችል አስቀድሜ ልበለው።

«ባለቤቶች» ብለው ጽፈዋል። ነውል ባለቤት የለውም። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያወርደዋል፣ የቻለ ያርመዋል፣ ማንም አይከፍልም፣ ለማንም አይከፈልም። ድረ ገጻችን ላይ የብዙ ሰው ስም ተደርድሯል። በተግባር ግን አብሮኝ ይሠራ የነበረው አኒስ ጀርመን ሥራ አግኝቶ ከሄደ ወዲህ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ቀን በአንድ የመርከብ ወኪል ቢሮ የተቆለፈ ይለፍ ቃል እከፍታለሁ፣ ወረቀት የነከሰ ማተሚያ አላቅቃለሁ። ነውልን የምሠራው ከዚያ በኋላ፣ እናቴ «ያንን ነገር ዝጊና እራትሽን ብዪ» እያለችኝ ነው።

የኤፕሪሉን ደብዳቤ አንብቤዋለሁ። መልስ አለመስጠቴ ነውር ነው፤ ይቅርታ። ግን ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ባለፈው ሳምንት ያወጣነው አምስተኛው እትም ቆሻሻውን በራሱ ያጸዳል። ያንን የሠራሁት በእርስዎና እንደ እርስዎ በጮኹ ሰዎች ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ቀይ ሳጥኑ። አንደኛ፣ አፕዴት ያድርጉ። በአሮጌ እትም ላይ የመጣ አቤቱታ አንመለከትም፤ ካልሆነ አምና የታረመውን ስህተት ዘንድሮም ሳርም ልኖር ነው። የትኛውን እትም እንደሚጠቀሙ ቅጹ ጠይቆዎት «ልጆቹ የጫኑልኝን» ብለዋል። እንዲህ የሚባል እትም የለም። ሁለተኛ፣ የስህተት መዝገቡን ይላኩልኝ፤ ከ«እገዛ» ሥር ያገኙታል። ሦስተኛ፣ ቀይ ሳጥኑ ከመምጣቱ በፊት ምን እንዳደረጉ ይንገሩኝ። «ምንም» አይበሉኝ። ምንም ላላደረገ ሰው ቀይ ሳጥን አይመጣም።

ራውዳ


ቅራጢን
ኦክቶበር 14

ልጄ ራውዳ፣

ለካ ሴት ልጅ ነሽ! ከደብዳቤው ግርጌ ስምሽን ሳይ ስለ ቃላቴ አፈርኩ። «ሲ» ብለሽ ስላከበርሽኝ ደግሞ ተባረኪ። እንዴት ነሽ? እናትሽ እንዴት ናቸው? አባትሽስ በሕይወት አሉ? የቢዘርት ሰው ጨዋ ነው፤ በመርከቡ ላይ ስንቱን አስተናግጃለሁ። ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ስለ እራቱ ትክክል ናቸው።

በየቀኑ «የት ደረሱ?» እያልሽ የላክሻቸውን አጫጭር መልእክቶች ዛሬ በአንድ ላይ አየኋቸው። የዘገየሁት በነፋሱ ነው። መርከቧ ስትቆም ኢንተርኔቱም አብሮ ይቆማል፤ ምን እንደሚያገናኛቸው አንቺ ታውቂ ይሆናል።

ያልሽኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። አፕዴትም አድርጌያለሁ። ቀይ ሳጥኑ እንዳለ ነው። መዝገብ ያልሽውን አላገኘሁትም፤ ስለዚህ ስክሪኑን በስልኬ አንስቼ ልኬልሻለሁ። ፊልሙን ራሱን ደግሞ በኢሜይል ልኬዋለሁ፤ ከፍተሽ እዪው። የሁለት ሰዓት ፊልም ነው፤ እዚህ ኢንተርኔት ላይ እንኳ በአንድ ትንፋሽ መሄዱ ገርሞኛል። ከዚያ በፊት ምን አደረግክ ላልሽኝ፣ ምንም።

መብሩካ በየማለዳው በሬ ላይ ትቆማለች።

«ሙንጂ፣ ደረሰ?»

«እየደረሰ ነው።»

«ዳቦ ነው እንዴ?»

እንግዲህ ከዚች ሴት ጋር ነው የምኖረው። በመርከብና በአውቶቡስ ትንሽ ደረቅ ኦክቶፐስ ልኬልሻለሁ፤ ኽሚስ በመጨረሻ ያሰጣው ነው።

ሙንጂ


ቢዘርት
ኦክቶበር 16

ሲ ሙንጂ፣

ሰላምታውን ሁሉ እንዳደረስኩ ይቁጠሩልኝ።

ፎቶው ደርሶኛል። አውራ ጣትዎ ጥርት ብሎ ይታያል። ከስክሪኑ ጎን መስኮት አለ፤ ከመስኮቱ ውጭ አንድ ሰው ጀልባ ቀለም ይቀባል። የስህተቱ ጽሑፍ አይነበብም።

«ፊልሙን ራሱን ላክሁ» ያሉት ደግሞ አራት መቶ ኪሎባይት ነው። የአውራ ጣትዎ ፎቶ እንኳ ከዚህ ይበልጣል። ሲ ሙንጂ፣ እሱ ፊልም አይደለም። የልብስ ሰፊ የልኬት ወረቀት ነው። «እዚህ ጋ ቁረጥ፣ ይህን ከዚያ ጋር ግጠም፣ እዚህ ላይ ድምፁን ቀንስ» ይላል። ጨርቁ የለበትም። ጨርቁ ካሜራዎ የቀረጻቸው ትላልቅ ፋይሎች ናቸው። ነውል እየፈለገ ያጣው እነሱን ነው። በልቷቸው አይደለም፤ ነውል ፋይል አይበላም።

የት ናቸው? ፎልደሩን ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩት? ስሙን ለወጡት? ያለበትን ከነገሩኝ በደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ነው። ፍላሽ ላይ አድርገው ለሰው ሰጡት? የካሜራው ሜሞሪ ላይስ የለም? ይህን ስጠይቅዎ ስንተኛዬ ነው? እርስዎ ስለ አባቴ ይጠይቁኛል።

ዛሬ ጠዋት አንድ ሰው ከሜክሲኮ ጻፈልኝ። «ሶፍትዌራችሁ ቆሻሻ ነው፤ ሌላ ነገር ብሞክርም ሁሉም ከእናንተ የባሰ ስለሆነ ነው የምጠቀምበት» ይላል። ይህ ዘንድሮ ካገኘሁት ምስጋና ሁሉ የሚበልጠው ነው። ስለዚህ ትዕግሥቴ ቢያልቅ አይፍረዱብኝ።

ምን አደረጉ?

ራውዳ

ኦክቶፐሱ ደርሷል። እናቴ ታመሰግናለች። እኔ ግን መልሱን ሳላገኝ አልቀምሰውም ብያለሁ። አባቴ በሕይወት የሉም።


ቅራጢን
ኦክቶበር 20

ራውዳ፣

አላህ አባትሽን ይማራቸው። መጠየቅ አልነበረብኝም።

ዝም ያልኩት በነፋሱ አይደለም። ነፋሱ ቆሟል። አፍሬ ነው።

ከቀብሩ በኋላ፣ ለቅሶ ደራሹ ሲቀንስልኝ፣ ፊልሙን አቀናብሬ ልጨርስ ተቀመጥኩ። ፕሮግራሙ «ዲስኩ ሞልቷል፣ ማስቀመጥ አልችልም» አለኝ። በኤፕሪል የጮህኩት ይህንኑ ነበር። ቦታውን የያዘው ምንድን ነው ብዬ ሳይ የካሜራው ፋይሎች ናቸው። ፊልሙ ግን ከዳር እስከ ዳር ከነድምፁ ፕሮግራሙ ውስጥ ይጫወታል። እንግዲያው ፊልሙ ገብቶ አልቋል፣ ይኼ ትርፍራፊ ነው አልኩ። ልብሱ ተሰፍቶ ካለቀ ቁርጥራጩን ማን ያስቀምጣል? አጠፋኋቸው። የቆሻሻ ቅርጫቱንም አራገፍኩት። ከዚያም በኋላ ፊልሙ ተጫወተልኝ፤ በዚህም ትክክል ነኝ ብዬ ተኛሁ። በማግስቱ ስከፍተው ቀይ ሆነ።

ሜሞሪዎቹ ላይ ያለው የሰው ሠርግ ነው። እየገለበጥኩ፣ እያጠፋሁ፣ ደግሞ በነሱው ስቀርጽ ነው የኖርኩት።

ለመብሩካ ነገርኳት።

«ሁሉንም?» አለች።

«ሁሉንም።»

«ድምፁንም?»

«ድምፁንም።»

«ኽሚስ እኮ ወንድሜ ትኬት ይቁረጥ ያለው ያለ ነገር አልነበረም» አለችኝ። «እጁ ላይ የገባ ሁሉ ይወድቃል ይል ነበር።»

ገብታ በሯን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ በማለዳ አትመጣም። «ዳቦ ነው እንዴ?» ብላ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ምን ይደረጋል?

ሙንጂ


ቢዘርት
ኦክቶበር 21

ሲ ሙንጂ፣

ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ትቼ፣ ጀምሬ ትቼ ነው። ልነግርዎ የሚገባኝ ነገር አለ።

ደካማ ኮምፒውተር ትልቅ ፋይል ሲያጫውት ይንተፋተፋል። ስለዚህ ነውል ከእያንዳንዱ ቀረጻ አንዳንድ ትንሽ ቅጂ ይሠራል፤ ምስሉ ደብዘዝ ያለ፣ ድምፁ ግን ሙሉ። እርስዎ ሲያቀናብሩ የሚያዩት ያንን ቅጂ ነው። ትላልቆቹን ካጠፉ በኋላ ፊልሙ የተጫወተልዎ ለዚህ ነው። በማግስቱ ቀይ የሆነው ደግሞ ነውል ሲከፈት ዋናውን ካጣ፣ ቅጂው እያለም «የለም» ስለሚል ነው። ያ የእኔ ስንፍና ነው።

በኤፕሪል ዲስኬን ሞላው ያሉት እነዚህ ቅጂዎች ናቸው። በተደበቀ ፎልደር ውስጥ ይከማቻሉ፤ ዋናው ቢጠፋም እነሱ ይቀሩ ነበር። ወላጅ አልባ ቅጂ እንላቸዋለን።

ይቀሩ ነበር ያልኩት በአሮጌው እትም ነው። አምስተኛው እትም ገና ሲከፈት ወላጅ የሌለውን ቅጂ እየፈለገ ያጠፋል። ሳይጠይቅ። አኒስ «እባክሽ ቢያንስ ይጠይቅ» ብሎኝ ነበር። «ሰው የጥያቄ ሳጥን አያነብም፣ እሺን ተጭኖ ያልፋል» አልኩት። በጣም እርግጠኛ ነበርኩ።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ያዩታል። ወንድምዎ እዚያው ላፕቶፕዎ ውስጥ ነበሩ። መጀመሪያ ደብዳቤ ሲጽፉልኝ ነበሩ። አፕዴት ያድርጉ ብዬ ያዘዝኩዎ እኔ ነኝ፤ ያጠፋቸውን ኮድ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ነውል ፋይል አይበላም ብዬ የተሳለቅኩብዎም እኔው።

በዚህ ሥራ ብዙ ሰው ሰድቦኛል፤ ሁሉንም ስቄ አልፌዋለሁ። እርስዎ ቢሰድቡኝ የሚሳቅ አይሆንም። በዚህ ሳምንት ለሌሎቹ የነውል ሰዎች ጽፌ ነውልን እተዋለሁ። የሚረከበኝ ከተገኘ ይረከብ፣ ካልተገኘም ይቅር።

መብሩካን ስለ እኔ ይቅርታ ይጠይቁልኝ። ስህተቱ የእርስዎ እጅ እንዳልሆነ ይንገሯቸው።

ራውዳ


ቅራጢን
ኦክቶበር 23

ልጄ ራውዳ፣

ደብዳቤሽን ተቀምጬ አነበብኩት፤ ከዚያ ቆሜ አነበብኩት።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አትቆጪኝ። አፕዴት አድርጌያለሁ ያለ፣ ግን ያላደረገ ሰው ቢኖር፣ የእሱ ነገር እንዴት ይሆናል?

ላድርገው ብዬ ነበር፣ ወላሂ። ግማሽ ሲደርስ ይቆማል፤ ደግሜ ስጀምረው እንደገና ከዜሮ ይነሳል። ከዚያ ተናደድኩ። ወንድሜን መልሱልኝ ስል አፕዴት አድርግ ይሉኛል፣ ነገ ደግሞ ላፕቶፕ ቀይር ሊሉኝ ነው አልኩ። ስለዚህ አደረግኩ ብዬ ጻፍኩልሽ። በመርከቡ ላይ «ትኬት አለህ?» ስለው «አለኝ» የሚል ተሳፋሪ ሲዋሽ ዓይኑን አይቼ አውቀው ነበር። አንቺ ቢዘርት ነሽ፣ ዓይኔን አታዪም።

ስላደከምኩሽ ይቅር በዪኝ። ከዚህ በኋላ አልዋሽሽም።

ሙንጂ


ቢዘርት
ኦክቶበር 23

ሲ ሙንጂ፣

ላፕቶፑን አይንኩት። ነውልን አይክፈቱት። በራሱ አፕዴት እንዳይጀምር ኢንተርኔቱን ይንቀሉት። ይህን በስልክዎ ነው የሚያነቡት አይደል? በስልክዎ ካልሆነ አሁኑኑ ያቁሙ።

የአካባቢው ልጅ ሁሉ «ላሳይዎት» ቢልዎ ከቤት ያስወጡት። ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙና ከዚህ በታች ባለው ቁጥር ይደውሉልኝ። ሰላምታው ይቅር፤ ስለ እናቴ ጤና አይጠይቁኝ፤ ደህና ናት።

ስለዋሹኝ አላህ ይስጥልኝ።

ራውዳ


ቅራጢን
ኖቬምበር 4

ልጄ ራውዳ፣

አሁን ሰላምታ ይፈቀዳል? እንዴት ነሽ? ድምፅሽ ተመለሰልሽ? በስልኩ ስትጮሂ ስትጮሂ ወደ መጨረሻ ላይ ጠፍቶብሽ ነበር። «አሁን ምን ይታይዎታል?» ስትዪኝ፣ «ምንም» ስልሽ፣ ስትተነፍሺ እዚህ ባሕሩ ዳር ድረስ ይሰማ ነበር። መብሩካ አጠገቤ ተቀምጣ «ይችን ልጅ ባሏ እንዴት ይችላታል?» አለችኝ። አላገባችም አልኳት። «ገባኝ» አለች።

እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ወደ ቤቴ የተመለሰችው።

ዓርብ ከስግደት በኋላ ሰው ባህል ቤቱን ሞላው። ከስፋቅስ ሁሉ የመጡ አሉ። ከተደበቀው ፎልደር ያወጣነው ፊልም በግድግዳው ላይ ሲዘረጋ፣ እንደነገርሽኝ፣ ኽሚስ ደበዘዘ፤ ፊቱ ትንንሽ ካሬ ብቻ ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ኑረዲን ከኋላ ሆኖ «ሙንጂ፣ ያን ቀን ጭጋግ ነበር እንዴ?» አለ። መብሩካ ዞር ሳትል «ዝም በል» አለችው። «እኔ መነጽር ሳላደርግ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የማየው።»

ከዚያ ድምፁ መጣ። እሱ ጥርት ብሎ እንደ አዲስ ነው። ወገቡ ድረስ ባሕር ውስጥ ቆሞ ዝንጣፊውን እየወጋ ስለ ሞገዱ ያስረዳል፣ ያስረዳል፣ ከዚያ ወደ ካሜራው ዞሮ «ሙንጂ፣ እሱን አስቀምጥና ዝንጣፊ አቀብለኝ እንጂ!» አለ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። መብሩካ ከፊት ወንበር ጮክ ብላ «ተወው ኽሚስ፣ ይጥለዋል!» አለችው።

ሳቁ ቆመ። እሷም የተናገረችውን ገና ያን ጊዜ የሰማችው ይመስላል፤ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። ግድግዳው ላይ ኽሚስ ከጀልባው ላይ ራሱ ዝንጣፊ አንስቶ ሥራውን ቀጠለ።

በማግስቱ ማለዳ በሬ ላይ ቆማለች። «ሙንጂ፣ ያንን ቁጣውን ድገምልኝ» አለች። በየቀኑ እየደገምኩላት ነው።

ለሌሎቹ እጽፋለሁ ያልሽውን ጻፍሽ ወይስ አልጻፍሽም? በስልክ ስጠይቅሽ «ነጥቧን ይጫኑ» ብለሽ አለፍሽኝ።

ይህን ካልኩ በኋላ አንድ አቤቱታ አለኝ። ፕሮግራሙ አሁንም ቆሻሻውን አያጸዳም። የኽሚስን አልነካም፤ እሱን ባልሽኝ መሠረት በሁለት ፍላሽ ገልብጬ አንዱን ለመብሩካ ሰጥቻታለሁ። የምልሽ የሠርጎቹን ነው። ሠርጉን አቀናብሬ፣ ለባለቤቶቹ አስረክቤ፣ ቅጂው ምን ያደርግልኛል? ዲስኬ ሞልቷል። ነገ ረምላ መንደር ላይ ሙሽራ አለችኝ። መቼ ነው የምታስተካክዪው? ቅጹን በሙሉ ሞልቻለሁ፤ እትሙንም አጣርቼ ጽፌያለሁ፤ አራተኛው ነው።

ሙንጂ


ቢዘርት
ኖቬምበር 5

ሲ ሙንጂ፣

ደብዳቤዎን ለእናቴ አነበብኩላት። የመብሩካ ንግግር ላይ ስደርስ ድገሚልኝ አለች። ኦክቶፐሱንም በልተነዋል።

ለሌሎቹ የጀመርኩት ደብዳቤ አላለቀም። ለመጨረስ በተቀመጥኩ ቁጥር አንድ ሰው አቤቱታ ይልካል፤ ዛሬ ደግሞ የእርስዎ ደረሰ።

አምስተኛውን እትም ከድረ ገጹ አንስቼዋለሁ። ስድስተኛው ዋናውን ካጣ ቅጂውን ያሳያል እንጂ ቀይ ሳጥን አያሳይም፤ ምንም ነገር በራሱ አያጠፋም። ሲወጣ ከስፋቅስ በፍላሽ አስጭኜ በመርከቡ እልክልዎታለሁ። ይጭኑታል። ከዚያም ስክሪኑን በስልክዎ አንስተው ይልኩልኛል፤ ከእንግዲህ በቃል አላምንዎትም።

ስለ ቆሻሻው ያቀረቡትን ተመልክተነዋል። አቤቱታው ተዘግቷል።

ምክንያት፦ አይስተካከልም።

ራውዳ